አዳማ ላይ የኮምፖዚት ጥናት ልትጀምሩ ነው? የቱን ፋይበር፣ የቱን ሬዚን፣ የቱን አሠራር ትመርጣላችሁ?

የፕሮፖዛል ሰሞን ሲመጣ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «ኮምፖዚት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ግን በምን ልጀምር?» ኮምፖዚት ማለት ፋይበር፣ ማለትም ጠንካራ ክር፣ ፈሶ በሚጠጥር ሬዚን ተያይዞ የሚሠራ ማቴሪያል ነው። ካርቦን ፋይበር የሚል አለ። እንሰት የሚል አለ። ላብራቶሪ ሳልገባ ኮምፒውተር ላይ ልጨርሰው የሚልም አለ። ሦስቱም የሚያዋጡበት ሁኔታ አለ። ሦስቱም ተማሪውን አንጠልጥለው የሚያስቀሩበት ሁኔታም አለ።

ይህን የምጽፈው ለማስተርስ ተማሪዎችና ለመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ሠሪዎች ነው፤ በተለይ እዚህ አዳማ ላላችሁ። ምክሬ አንድ ነው። ከፋይበሩ አትጀምሩ። ልትለኩት ከምትችሉት ነገር ጀምሩና ወደ ኋላ ተመለሱ። አምስት ናሙና ሠርታችሁ አምስቱም ተቀራራቢ ቁጥር የሚሰጧችሁ ተራ ማቴሪያል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚሠራ ድንቅ ማቴሪያል ይሻላል።

መጀመሪያ ማሽኑን እዩ

የምትፈትሹበትን ማሽን ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት። ስንት ኪሎ ኒውተን ይጎትታል? መያዣው ምን ያህል ስፋትና ውፍረት ይቀበላል? መቼ ነው ካሊብሬት የተደረገው፣ ማለትም በትክክል ማንበቡ የተረጋገጠው? ይህን ሳይጠይቁ ርዕስ የሚያስጸድቁ ብዙ ናቸው። ጉዱ የሚፈላው ናሙናው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ኤ ኤስ ቲ ኤም ዲ 3039 የሚባለውን የመሳብ ፍተሻ መስፈርት እንውሰድ። ፋይበሩ በአንድ አቅጣጫ የተዘረጋ ካርቦን ከሆነ የሚመከረው ናሙና 250 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 15 ሚሊሜትር ስፋት፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። 1500 ሜጋፓስካል ላይ ይበጠሳል ብንል 22.5 ኪሎ ኒውተን ይፈልጋል። ውፍረቱ አምልጧችሁ 2 ሚሊሜትር ከሆነ 45 ገባ። ወደየአቅጣጫው የተበተነ ሲሳል የሚባለው የዕፅዋት ፋይበር ከሆነ ደግሞ ናሙናው 25 በ2.5 ሚሊሜትር ነው። 50 ሜጋፓስካል ላይ ቢበጠስ 3.1 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይበቃዋል።

ልዩነቱን አያችሁት? 10 ኪሎ ኒውተን የሚጎትት ትንሽ ማሽን ለሲሳሉ ከበቂ በላይ ነው፤ ካርቦኑን ግን አይበጥሰውም። በተቃራኒው የግንባታ ብረት የሚበጥሰው 1000 ኪሎ ኒውተን ማሽን ሲሳሉን የሚያነበው ከአቅሙ 0.3 በመቶ ላይ ነው። እዚያ ታች የሚመጣን ቁጥር ማመን ከባድ ነው። ካርቦን ሌላም ጣጣ አለው። መያዣው ውስጥ ይንሸራተታል፣ ወይም እዚያው ጥርሱ ሥር ይሰበራል። ጫፎቹ ላይ ታብ፣ ማለትም መያዣው የሚነክሰው ቁራጭ፣ ማጣበቅ ግድ ይላል። ለዚህ የሚሆን ጊዜ መድባችኋል?

ካርቦን፣ መስታወት ወይስ የአገራችን ፋይበር?

ካርቦን ፋይበር ለምን ልብ እንደሚስብ ይገባኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው። ቁጥሩም ያማልላል። ተራ የሚባለው ካርቦን ሞዱለሱ፣ ማለትም ግትርነቱ፣ 230 ጊጋፓስካል ነው፤ ኢ ግላስ የሚባለው የመስታወት ፋይበር 72 አካባቢ። ካርቦኑ ቀላልም ነው። እፍግታው 1.76፣ የመስታወቱ 2.55 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር።

ግን አውሮፕላን ላይ ያለው ካርቦን ሬዚን አስቀድሞ የተነከረ ጨርቅ ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። የሚበስለው ግፊትና ሙቀት በሚሰጥ አውቶክሌቭ ውስጥ፣ 180 ዲግሪ አካባቢ ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ምን ይሆናል? ጀነሬተር ያልተያያዘበት ፍሪዘር ውስጥ ይህን ማቴሪያል ማስቀመጥ ገንዘብ መበተን ነው። ደረቁን የካርቦን ጨርቅ ገዝቶ በኢፖክሲ መሥራት ይቻላል፤ ይህ የተለመደ መንገድ ነው። ይሁንና ከውጭ ማስመጣቱ፣ ዶላሩ፣ ጉምሩኩ አለ። ጨርቁ በእጃችሁ ካለ ወይም አማካሪያችሁ የገባለት ፕሮጀክት ካላቸው ሥሩበት። «ይመጣል» በሚል ተስፋ ግን ርዕስ አታስጸድቁ።

የመስታወት ፋይበር ብዙ ሰው የሚንቀው ምርጥ አማራጭ ነው። ከአዳማ ሳትወጡ ማስረጃው ከኮረብታው ላይ ይታያችኋል። አዳማ 1 እና አዳማ 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ላይ 34 እና 102 ተርባይኖች ቆመዋል፤ አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት። በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ የነፋስ ተርባይን ክንፎች ዋና አካላቸው የመስታወት ፋይበር ነው። በክንፍ ጥገና፣ በድካም (ተደጋጋሚ ጭነት በሚያስከትለው መዳከም)፣ በአቧራ መፋቅ ላይ የሚሠራ ጥናት እዚሁ ደጃችን ጥያቄ አለው። ፋይበሩም የመኪና ቦዲና የገንዳ ሠሪዎች ስለሚጠቀሙበት ከካርቦን ይልቅ ለማግኘት ይቀላል። ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ናሙናውን ምድጃ ውስጥ 565 ዲግሪ ላይ ብታስገቡት ሬዚኑ ተቃጥሎ ያልቃል፣ መስታወቱ ይቀራል። በሚዛን መዝናችሁ የፋይበሩን መጠን በትክክል ታውቃላችሁ። በእንሰት ቃጫ ይህን ብትሞክሩ የሚተርፋችሁ አመድ ነው።

የአገር ፋይበር ላይ ስንመጣ ምርጫው ሰፊ ነው። በመሃላቸው ግን ብዙ ልዩነት አለ።

የእንሰት ቃጫ ቆጮ ሲፋቅ የሚወጣ ነው። ረጅም ነው፣ በአንድ አቅጣጫ ለመደርደር ይመቻል፣ ገበያ ላይ በእስር ይገኛል። በዓለም ላይ እንሰትን ለምግብ አልምቶ የሚኖር አገር የእኛ ብቻ ስለሆነ፣ በጥንቃቄ የተሠራ ጥናት ሌላው ዓለም የሌለውን መረጃ ይጨምራል። ለእኔ ከአገር ፋይበሮች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ሲሳል ደግሞ ብዙ ስለተጠና ውጤታችሁን የምታወዳድሩበት አታጡም። ሞዱለሱ ከ9 እስከ 22 ጊጋፓስካል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተብሎ ይጻፋል። የስፋቱን መጠን አስተውሉ። የዕፅዋት ፋይበር እንደ ዕድሜው፣ እንደ አፋፋቁ፣ ከየትኛው የተክሉ ክፍል እንደወጣ ይለያያል። ስለዚህ የሌላ ሰው ቁጥር ገልብጣችሁ አትሂዱ። የራሳችሁን ፋይበር ነጠላ ነጠላውን ፈትሹ፤ 20 ወይም 30 ክር እንኳ ቢሆን።

ቀርከሃ ጠንካራ ነው። ፋይበሩን ሳይሰበር ማውጣት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ባጋስ ማለትም የሸንኮራ ገለባ ከወንጂ ቅርብ ነው፤ ስኳር ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ሸንኮራ ሲፈጭ የኖረ ነው። ክሩ አጭርና በስፖንጅ መሰል ነገር የተሞላ በመሆኑ ለሚሸከም አካል አይሆንም። ለፓርቲክል ቦርድ፣ ለጣሪያ ልባስ፣ ለድምፅ መከላከያ ከሆነ አሪፍ ነው። ፋብሪካው ለቦይለር ማገዶ እንደሚጠቀምበትም አትርሱ፤ ሁሉም «ቆሻሻ» ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

ሁለቱን ስታወዳድሩ አትሳሳቱ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ቴሲስ የሚወድቀው እዚህ ነው።

«30 በመቶ ሲሳል ከ30 በመቶ መስታወት ጋር ተወዳደረ» የሚል ርዕስ በብዛት ይታያል። በምን 30 በመቶ? በክብደት ከሆነ ውድድሩ እኩል አይደለም። ሬዚኑ እፍግታው 1.2፣ ሲሳሉ 1.45 ነው ብለን እናስላው። በክብደት 30 በመቶ ሲሳል በይዘት፣ ማለትም በሚይዘው ቦታ፣ 26 በመቶ ይሆናል። በክብደት 30 በመቶ መስታወት ግን በይዘት 17 በመቶ ብቻ ነው፤ መስታወቱ ከባድ ስለሆነ። ጥንካሬና ሞዱለስ የሚቆጠረው በይዘት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥሮች ጻፉ።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ይገርማል። ፋይበሩ ወደየአቅጣጫው በተበተነበት ፕሌት ላይ የፋይበሩን ሞዱለስ በይዘቱ አባዝታችሁ ሦስት ስምንተኛውን ትወስዳላችሁ፤ የሬዚኑን ድርሻ ትጨምራላችሁ። መስታወት በ20 በመቶ ይዘት፦ 72 ሲባዛ በ0.2፣ ሲባዛ በ0.375፣ 5.4 ይሆናል። ሞዱለሱ 3 የሆነ ሬዚን 80 በመቶ ስላለ 2.4 ይጨመራል። ድምሩ 7.8 ጊጋፓስካል። ሲሳል በ25 በመቶ ይዘት፣ የፋይበሩን ሞዱለስ 15 ብለን፦ 1.4 እና 2.25፣ ድምሩ 3.7 ገደማ። ሲሳሉ ከግማሽ በታች ወረደ። «አይረባም» ብሎ መዝጋት ይቻላል።

ግን ልትሠሩ ያሰባችሁት የባጃጅ ጣሪያ ወይም የበር ፓነል ከሆነስ? ፓነል የሚታጠፍ ነገር ነው። መታጠፍን የሚቋቋመው ሞዱለሱ ሲባዛ በውፍረቱ ኩብ ነው። 3 ሚሊሜትር የመስታወት ፓነል የሚሰጠውን ግትርነት ለማግኘት ሲሳሉን ወደ 3.9 ሚሊሜትር ማወፈር ይበቃል። አሁን መዝኑት። የመስታወቱ ፓነል በካሬ ሜትር 4.4 ኪሎ፣ የሲሳሉ 4.9 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ወደ 10 በመቶ ወረደ! በሞዱለስ ሲወዳደር የተሸነፈው ማቴሪያል ለፓነል ሲሆን ተወዳዳሪ ነው። ለሚጎተት ዘንግ ወይም ለግፊት ጋን ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ እዚያ መስታወቱ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ርዕሳችሁ ላይ «ለምን» የሚለውን አካል ጻፉት። «የሲሳል ኮምፖዚት ባህርያት» ከማለት «ለባጃጅ ጣሪያ ፓነል» ማለት ማቴሪያሉን ፍትሐዊ ዳኝነት ይሰጠዋል።

ሬዚኑስ?

ፖሊስተር ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል፣ ቶሎ ይደርቃል። ሲደርቅ ግን ይሸበሸባል፤ ከ5 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል። በውስጡ ያለው ስታይሪን የሚባል ፈሳሽ ሽታው ራስ ያሳምማል። ኢፖክሲ ዋጋው ውድ ነው፣ ግን ይጣበቃል፣ መቀነሱ በጣም ትንሽ ነው፣ ከአንዱ ፕሌት ወደ ሌላው ውጤቱ አይዋዥቅም። ገንዘቡ ከፈቀደ ለምርምር ኢፖክሲ እመርጣለሁ። የአገር ውስጥ አነስተኛ አምራች የሚጠቀምበትን ነገር ላሻሽል ካላችሁ ግን ፖሊስተር ላይ ሥሩ፤ እሱ በኢፖክሲ አይሠራም።

የሁለቱ አያያዝ ይለያያል። ፖሊስተር ላይ ካታሊስቱን፣ ማለትም ሬዚኑን እንዲጠጥር የሚያስጀምረውን ፈሳሽ፣ ከ1 እስከ 2 በመቶ ባለው ውስጥ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ፍጥነቱን መቆጣጠር ትችላላችሁ። ኢፖክሲ ላይ ይህ አይሠራም። ሃርድነር የሚባለው ማጠንከሪያው ሲበዛ ቶሎ አይደርቅም፤ እንዲያውም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። አምራቹ የጻፈውን ምጣኔ በሚዛን፣ በግራም ጠብቁ። በመርፌና በኩባያ አይሆንም።

የአዳማ ሙቀት ለዚህ ሥራ አይመችም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ፖሊስተር ከቀላቀላችሁ ሮለሩን ሳታነሱ ኩባያው ውስጥ ሊጠጥርባችሁ ይችላል። እንዲህ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ጠዋት ሥሩ። ትንሽ ትንሽ ቀላቅሉ። የቀን ሙቀቱን በማስታወሻችሁ መዝግቡ፤ ሁለት ፕሌቶች ለምን እንደተለያዩ ኋላ የሚነግራችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ይህን ግን በደማቁ ልበል። ኮባልት አክሰለሬተር የሚባለውን ማፋጠኛና ኤም ኢ ኬ ፒ የሚባለውን ካታሊስት በቀጥታ ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ይፈነዳል። ኮባልቱን መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ በደንብ አማስሉ፤ ካታሊስቱ ከዚያ በኋላ ይገባል። ካታሊስቱ ዓይን ከነካ ጉዳቱ ከባድ ነው። መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ ጠርሙሱን አትክፈቱ፤ «ለአንዴ ነው» የሚባል ነገር የለም።

አንድ የገበያ ነገር ልጨምር። የተቆራረጠ የመስታወት ማት፣ ማለትም ከተቆራረጡ ክሮች የተሠራ ንጣፍ፣ ስትገዙ ክሮቹን ያያያዘው ማጣበቂያ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎቹ ማቶች የተሠሩት ማጣበቂያቸው በፖሊስተሩ ስታይሪን እንዲሟሟ ተደርጎ ነው። ኢፖክሲ ስታይሪን የለውም፤ ማቱ አይለሰልስም፣ በደንብም አይነከርም። ኢፖክሲ ከሆነ በማቱ ፈንታ የተሸመነ ጨርቅ ግዙ።

ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ ፖሊፕሮፒሊን። የማዳበሪያ ጆንያው የተሸመነበት ፕላስቲክ ነው። 165 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የዕፅዋት ፋይበር ደግሞ 200 ዲግሪ ላይ መበላሸት ይጀምራል። ስለዚህ ከ170 እስከ 190 ባለው ጠባብ መስኮት ውስጥ መሥራት አለባችሁ። ሙቀቱን በትክክል የሚይዝ ሆት ፕሬስ ካለ፣ ከመልሶ መጠቀም ጋር የተያያዘ ቆንጆ ርዕስ ይወጣዋል። ከሌለ ተዉት።

ፋይበሩን ማከም

የዕፅዋት ፋይበር ከመረጣችሁ በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ የተለመደ ነው። 5 በመቶ፣ ማለትም ለ1 ሊትር ውኃ 50 ግራም፣ ጥሩ መነሻ ነው። ሰሙንና የተክሉን ክሮች የሚያያይዘውን ሊግኒን በከፊል ያነሳል፣ ገጹን ያሻክራል፣ ሬዚኑ እንዲይዘው ያደርጋል። መጠኑን ማብዛት ክሩን ራሱን ይበላዋል። ውኃው ሶዳ ሶዳ እስከማይል አጥቡ፤ በመጨረሻ ኦቨን ውስጥ አድርቁ። እርጥብ ቃጫ ላይ የፈሰሰ ሬዚን አይጣበቅም፣ አረፋም ይሞላል። ያልታከመውን ፋይበርም በንጽጽር መሥራት አትርሱ፤ ያለ እሱ ሕክምናው ጠቅሟል ማለት አይቻልም።

በእጅ፣ በፕሬስ ወይስ በቫኪዩም?

በእጅና በሮለር መሥራት ቀላሉ ነው። ሞልድ (መቅረጫ)፣ ሰም፣ ብሩሽ ይበቃል። ችግሩ የአየር አረፋና ያልተስተካከለ ውፍረት ነው። የሠራተኛው እጅ ውጤቱ ውስጥ ይገባል። ሁሉንም ፕሌት አንድ ሰው ይሥራው።

ሬዚኑን በእጅ አፍስሶ ክብደት ወይም ፕሬስ ላይ መጫን ከዚያ አንድ ደረጃ ይሻላል። የፕሌቱን ውፍረት የሚወስኑ የብረት ቁራጮች በአራቱም ማዕዘን አስቀምጡ፤ ሁሉም ፕሌት እኩል 3 ሚሊሜትር ይወጣል። ለአብዛኛው ተማሪ የምመክረው ይህን ነው። 300 በ300 በ3 ሚሊሜትር ፕሌት ወደ 250 ግራም ሬዚን ይፈልጋል፤ ከብሩሽና ከኩባያ የሚቀረውን ቆጥራችሁ 320 ያዙ። ከአንዱ ፕሌት የጠርዙን ቆርጣችሁ ብትጥሉ እንኳ የ25 ሚሊሜትር ናሙና ዘጠኝ ያህል ታገኛላችሁ።

ቫኪዩም ኢንፊውዥን፣ ማለትም አየሩን በፓምፕ አውጥቶ ሬዚኑን ወደ ፋይበሩ መሳብ፣ ምርጥ ፕሌት ይሰጣል። በመስታወት ጨርቅ የፋይበሩ ይዘት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ግን ፓምፑ፣ ከረጢቱ፣ ቱቦው፣ ማሸጊያ ፕላስተሩ ሁሉ ወጪ ነው። ሌላም አለ። ቫኪዩም የሚጨምቀው ከውጭ ባለው አየር ግፊት ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች ያለን ግፊት 0.83 ባር ገደማ ነው እንጂ 1 አይደለም። ጌጁ ከዜሮ በታች 0.83 ላይ ሲቆም ፓምፑ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ፤ ከዚያ በላይ የሚሄድበት የለም። የውጭ መመሪያ ላይ «0.95 እስኪደርስ» የሚል ብታነቡ እዚህ አይደረስበትም። ማረጋገጥ ያለባችሁ መፍሰሱን ነው። ቫልቩን ዝጉና ሩብ ሰዓት ያህል ጌጁን ተመልከቱ። ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ሬዚኑን ከማስገባታችሁ በፊት ፈልጉት።

ኮምፒውተር ላይ ብቻ ልሥራው?

ይቻላል። አንሲስና አባኩስ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ኮምፖዚትን በንብርብር መገንባት ይችላሉ፤ የሳይ ዉ ወይም የሃሺን የመሰበር መስፈርትም አላቸው። ግን ቢያንስ አራት ቁጥር ይጠይቋችኋል። በፋይበሩ አቅጣጫ ያለ ሞዱለስ፣ ከፋይበሩ ጎን ለጎን በ90 ዲግሪ ያለ፣ የሸር ሞዱለስ (እርስ በርስ መንሸራተትን የሚቋቋምበት)፣ የፕዋሶን ሬሾ (ሲሳብ ወደ ጎን የሚቀጥንበት መጠን)። ለካርቦንና ለመስታወት እነዚህ ታትመዋል። ለእንሰት ቃጫ በሙሉ አታገኟቸውም። ስለዚህ ሲሙሌሽን ብቻ ለሚሠራ ሰው የታወቀ ማቴሪያል ይሻለዋል። የአገር ፋይበር የመረጠ ግን ቢያንስ መሳብንና መታጠፍን ላብራቶሪ ውስጥ ፈትሾ ሲሙሌሽኑን ከዚያ ጋር ያመሳክር። ፈታኞች ዲፌንስ ላይ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ነው።

እና የቱን ልምረጥ?

የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮጀክት ከሆነና አንድ ሴሚስተር ብቻ ካለ፦ የመስታወት ማት፣ ፖሊስተር፣ በእጅና በክብደት። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ የንብርብሩን ብዛት ለምሳሌ። ለማስተርስ አንድ ዓመት ካላችሁ፦ የእንሰት ቃጫ ከኢፖክሲ ጋር፣ በፕሬስ። ሲበዛ ሦስት የፋይበር መጠን፣ የታከመና ያልታከመ። ይህን በሦስት ፍተሻና በአምስት አምስት ናሙና አባዙት፤ 90 ናሙና ነው። ከዚህ በላይ አትጨምሩበት። አማካሪያችሁ «ጨምሩ» ቢሏችሁ ይህን ስሌት አሳዩአቸው። ካርቦንን ማቴሪያሉ በእጁ ላለና ማሽኑን ላረጋገጠ ብቻ።

ትንሽ ደፈር ለሚል ሰው ደግሞ ቅይጡ አለ፤ ከውጭ መስታወት፣ ከውስጥ ቃጫ። መታጠፍን በብዛት የሚሸከሙት የላይኛውና የታችኛው ንብርብር ናቸው። ሁለቱ ንብርብሮች አንድ ላይ ከጠቅላላው ውፍረት ሲሶውን ብቻ ቢይዙ፣ ከመስቀለኛ ቅርጹ ግትርነት 70 በመቶው የእነሱ ነው። ማቴሪያላቸው የበለጠ ግትር ሲሆን ደግሞ ድርሻቸው ከዚያም ያልፋል። መስታወቱ ቃጫውን ከውኃም ይከልለዋል፤ የተቆረጠውን ጠርዝ ግን በሬዚን መቀባት አትርሱ፣ ውኃ የሚገባው በዚያ ነው። ከላይ ያደረጋችሁትን ከታችም አድርጉ። በአንድ ወገን ብቻ መስታወት ካለ ሬዚኑ ሲደርቅ ሁለቱ ወገኖች እኩል አይሰበሰቡም፤ ፕሌቱም ከሞልዱ ሲወጣ ይጣመማል።